ለጎጃም መሬት የትኛው ቢት ይሻላል? ዋልካውን፣ ቀይ አፈሩንና ጥቁሩን ድንጋይ ለሚያስቆፍር

ጎጃም ውስጥ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ሜትሩ በስንት ነው? ቀጥሎ የሚጠይቀው ውኃው ስንት ሜትር ላይ ይገኛል ብሎ ነው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ግን ሦስተኛ ጥያቄ አለ፣ ብዙ ሰው አይጠይቀውም፣ ሥራው ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሱ በኩል ነው። በምን ቢት ነው የምትቆፍሩት?

ቢት የምንለው ከሮዱ (ከሚዞረው ረጅም የመቆፈሪያ ዘንግ) ጫፍ ላይ ታስሮ መሬቱን የሚነካውን ብረት ነው። ሪጉ (መቆፈሪያ ማሽኑ) ትልቅ፣ ኮምፕረሰሩ (አየር አምቆ የሚገፋው ማሽን) አዲስ፣ ሠራተኛው ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ቢቱ ለመሬቱ ካልሆነ ግን ናፍጣው ይቃጠላል እንጂ ጉድጓዱ አይወርድም። በሪግ ሥራ ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ ምሥራቁንም ምዕራቡንም ጎጃም፣ አዊንም ቆፍሬበታለሁ። ቀበሌው አዋጥቶ፣ ዕድሩ ገንዘብ ጨምሮ፣ ሰው እህሉን ሸጦ ያስጀመረው ጉድጓድ በቢት ምክንያት መንገድ ላይ ሲቀር አይቻለሁ። ስለዚህ ለውኃ ኮሚቴም ሆነ ለግሉ መስኖ ለሚያስቆፍር ገበሬ የማውቀውን በግልጽ ልጻፍ።

መጀመሪያ ከሥራችሁ ያለውን እወቁ

የጎጃም ደጋ ከላይ አፈር፣ ከሥር ጥቁር ድንጋይ ነው። ጥቁር ድንጋይ የምንለው ባዛልት ነው። አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየፈሰሰ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ የተከመረ ነው። ጮቄም የመጣው በኋላ ነው፤ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ንጣፍ ላይ የተቆለለ ትልቅ እሳተ ገሞራ ነበር።

ይህ የንጣፍ ነገር ለቆፋሪ ብዙ ትርጉም አለው። አንዱ ፍሰት ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ያልፋል፤ በዚያ ጊዜ የድንጋዩ ላይኛው ክፍል ይበሰብስና አፈር ይሆናል። ከዚያ አዲሱ ፍሰት ይመጣና ያንን አፈር እንደ ሸክላ ያቀላዋል። ስለዚህ ስትቆፍሩ ጠንካራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ቀይ ለስላሳ ጭቃ፣ ቀጥሎ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ፣ ከዚያ እንደገና ጠንካራ ታገኛላችሁ። ውኃውም ብዙ ጊዜ ያለው በነዚህ መጋጠሚያዎችና በተሰነጣጠቀው ድንጋይ ውስጥ ነው። አንድ ጉድጓድ ስትቆፍሩ ሦስት አራት ዓይነት መሬት እየቆፈራችሁ ነው ማለት ነው። አንድ ቢት ብቻ ይዞ የሚመጣ ቆፋሪን የምጠራጠረው ለዚህ ነው።

ቦታውም ይለያያል። ከጣና ደቡብ፣ በባሕር ዳር ዙሪያ፣ ያለው ባዛልት በዕድሜው ወጣት ነው፤ ቀዳዳና ስንጥቅ ይበዛበታል፣ ውኃ ያስተላልፋል። ጢስ ዓባይ የሚወረወርበት ድንጋይም ከዚሁ ወገን ነው። እንጅባራ በኩል ደግሞ ዘንገናን የመሰሉ የእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቆች አሉ፤ በዚያ አካባቢ ቀይ አሽ (የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ሊገጥማችሁ ይችላል፣ እሱም እየተናደ ያስቸግራል። ደጀን ላይ ቆማችሁ ወደ ዓባይ በረሃ ብትመለከቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ከላይ ባዛልቱ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋዩ፣ ከዚያ ጂፕሰሙ፣ ከታች የአሸዋ ድንጋዩ ተደርድሮ ይታያል።

ስለ ጥንካሬው አንድ ነገር ብቻ ልበል። ለቤት ምሰሶ የምናፈሰው ሲ-25 ኮንክሪት 25 ሜጋፓስካል ያህል ጫና ይችላል። ያልበሰበሰ ባዛልት ከ200 ሜጋፓስካል በላይ ሊችል ይችላል። ስምንት እጥፍ ማለት ነው። የመሬቱ ለስላሳ ክፍል ደግሞ በጣት ይቦካል። ቢት መምረጥ ማለት በነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ቦታችሁን ማወቅ ነው።

ለአፈር፦ ኦገርና ድራግ ቢት

የእጅ ኦገር ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ እንደ ጠመዝማዛ ማንኪያ አፈሩን እየያዘ የሚያወጣው። ድንጋይ በሌለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ወንዝ ዳር በተኛ ደለል ላይ፣ ሁለት ሦስት ጎረምሶች አሥር፣ አሥራ አምስት ሜትር ሊያወርዱት ይችላሉ። ውኃው ቅርብ ከሆነና የምትፈልጉት ጓሮ ለማጠጣት ከሆነ ከዚህ በላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ድንጋይ ሲገጥመው ግን አበቃ። የቡጢ ያህል ድንጋይ እንኳ ያቆመዋል። በማሽን የሚዞረው ኦገር ለግንባታ መሬት ምርመራ ጥሩ ነው፤ ዘንጉ ውስጡ ክፍት የሆነው ዓይነት ከውስጡ ናሙና ለማውጣት ያስችላል። ለውኃ ጉድጓድ ግን ጎጃም ላይ ብዙም አይዘልቅም።

ድራግ ቢት ሦስት ወይም አራት ክንፍ አለው። ክንፎቹ ጠርዝ ላይ ካርባይድ የሚባል በጣም ጠንካራ ቁስ ተበይዶባቸዋል። ሥራው መፋቅ ነው። አይመታም፣ አይፈጭም፤ ልክ እንደ ማረሻ መሬቱን እየቆረጠ ይገፋል። ለዋልካ፣ ለቀይ አፈር፣ ለበሰበሰ ለስላሳ ድንጋይ ከሱ የሚፈጥን የለም። ርካሽ ነው። ክንፉ ሲበላ ጥሩ ብየዳ ቤት ካለ እዚሁ ከተማ ውስጥ መልሶ ይሠራል። ይህ ለኛ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ቢቶች ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ እስኪመጡ ሪጉ ቆሞ ይጠብቃል።

ዋልካ ላይ አንድ ችግር አለ። ጭቃው ክንፎቹ መካከል ይጠቀጠቅና ቢቱ እንደ ኳስ ይሆናል። ያኔ ይዞራል እንጂ አይቆርጥም። መፍትሔው መግፋት አይደለም። ከፍ አድርጎ ውኃ በብዛት መልቀቅ፣ ማጠብ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መመለስ ነው። ክረምት ላይ ሲሆን ይህ በየሜትሩ ሊደጋገም ይችላል፤ ታገሱት።

ድራግ ቢቱን የምታወጡበት ሰዓት እንዳያልፋችሁ። ሪጉ መንዘርና መዝለል ሲጀምር፣ የሚወጣው ፍርፋሪ ከጭቃነት ወደ ጠጠርነት ሲቀየር፣ ድንጋይ ደርሳችኋል። ከዚያ በኋላ የምትገፉት እያንዳንዱ ደቂቃ ክንፉን መስበር ነው።

ትራይኮን፦ ጥሩ ቢት ነው፣ ክብደት ላለው

ሦስት የሚሽከረከሩ ሾጣጣ ጎማዎች ያሉት ቢት ነው። ቢቱ ሲዞር ጎማዎቹም በራሳቸው ይዞሩና በጥርሳቸው ድንጋዩን ይጨፈልቁታል። ከነዳጅ ቁፋሮ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ባለ ሁለት ጎማ ቢት የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካዊው ሃዋርድ ሂዩዝ (አባትየው) ስም ነው፤ ባለ ሦስቱ ደግሞ በ1933 ከዚያው ኩባንያ መጣ። ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቢት ሆነ።

ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጥርሱ ከራሱ ብረት የተቀረጸ ነው፤ ረጅም ጥርስ ያለው፣ ለአፈርና ለስላሳ ድንጋይ። ሁለተኛው ጎማው ላይ የካርባይድ እንክብሎች የተሰኩበት ነው፤ ለጠንካራው ድንጋይ። ስትገዙ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ይኖረዋል። የመጀመሪያውን አኃዝ እዩ። ከ1 እስከ 3 ከሆነ ባለ ብረት ጥርስ ነው። ከ4 እስከ 8 ከሆነ ባለ እንክብል ነው። በየምድቡ ቁጥሩ ሲጨምር ለጠንካራ ድንጋይ የተሠራ ነው። ስለዚህ 127 የሚል ቢት ይዞ ባዛልት ላይ የሚቆም ሰው ካያችሁ አስቁሙት። 537 የሚለው መካከለኛ ድንጋይ ላይ ይሄዳል።

አሁን ዋናው ነገር። ትራይኮን ድንጋይ የሚጨፈልቀው በክብደት ነው። ባለ እንክብሉ ዓይነት ጠንካራ ድንጋይ ላይ በደንብ እንዲሠራ ለእያንዳንዱ ኢንች ዲያሜትር ከአንድ ቶን በላይ ክብደት ይፈልጋል። ለ8 ኢንች ቢት አሥር ቶን ገደማ ሊደርስ ነው። በየገጠሩ የሚሄዱት ትንንሽ ሪጎች ይህን ክብደት ከየት ያመጡታል? ሪጉ ራሱ ከመሬት ይነሳል። ክብደት ሲያንሰው ደግሞ ጥርሱ ድንጋዩን አይሰብረውም፤ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ራሱን ይሞርዳል።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከደንበጫ ብዙ በማይርቅ አንድ ቀበሌ ነበር። ቆፋሪዎቹ ትንሽ ሪግ ይዘው፣ ባለ ብረት ጥርስ ትራይኮን አስረው ጀመሩ። የመጀመሪያው 20 ሜትር ቀይ አፈር ስለነበር ግማሽ ቀን አልፈጀም፣ ሰዉ ተደሰተ፣ ቡና ተፈላ። ከዚያ ባዛልቱ መጣ። በሦስት ቀን አራት ሜትር ሄዱ። እኔ ያን ጊዜ በእንግድነት ነበር የተገኘሁት፤ ቢቱን አውጥታችሁ እዩት ብዬ ብለምንም ሊቋጩት ቸኮሉ። በሦስተኛው ቀን ማታ አንዱ ጎማ ተነቅሎ ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ። በማግኔት ሊያወጡት ሞከሩ፣ አልሆነም። ጉድጓዱ ተጣለና ከጎኑ አዲስ ተጀመረ። አንድ አባት አጠገቤ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ድንጋዩ ነው የከፋ ወይስ ብረቱ?» አሉኝ። «አባባ፣ ድንጋዩ አልከፋም፤ ብረቱ የአፈር ብረት ስለሆነ ነው» አልኳቸው። እሳቸው ለዚያ ጉድጓድ አንድ በግ ሸጠው አዋጥተው ነበር።

ይህን ስል ትራይኮንን አትንኩት ማለቴ አይደለም። ቦታ አለው። በጭቃ የሚቆፈር፣ የሚናድ መሬት ላይ ቤንቶናይት (ግድግዳውን የሚይዝ የሸክላ ጭቃ) እያዞራችሁ ስትወርዱ ከሱ የተሻለ ብዙ የለም። የበሰበሰ ባዛልት፣ ቀይ ጭቃና ጠጠር እየተፈራረቀ ሲመጣ ድራግ ቢቱ ይሰበራል፣ ሀመሩ (ቀጥሎ የምነግራችሁ መምቻ) ይታፈናል፤ ትራይኮኑ ግን ሁለቱንም ቀስ እያለ ያልፈዋል። ጉድጓዱ 12 ኢንችና ከዚያ በላይ ሰፊ ሲሆንም ትልቅ ሪግ ያለው ሰው በሱ ይሠራል። ቤሪንጉን (ጎማዎቹ የሚዞሩበትን ክፍል) ግን ጠይቁ። ክፍት ቤሪንግ በአየር ለሚቆፈር፣ የታሸገው በጭቃ ለሚቆፈር ነው። ከጉድጓድ ባወጣችሁት ቁጥር ጎማዎቹን በእጅ ያዙና አነቃንቁ። አንዱ ከላላ አትመልሱት። አንድ ሰዓት ለማትረፍ ብላችሁ ጉድጓዱን እንዳታጡ።

ሀመር፦ ለጥቁሩ ድንጋይ

ወደምወደው መጣሁ። ሀመር የምንለው ከሮዱ ጫፍ ላይ፣ ከቢቱ በላይ ታስሮ ጉድጓዱ ውስጥ አብሮ የሚወርደውን መምቻ ነው። ከኮምፕረሰሩ የሚመጣው አየር ውስጡ ያለውን ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይነዳዋል። ፒስተኑ ቢቱን በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ይመታዋል። ቢቱ ፊት ላይ የካርባይድ እንክብሎች አሉ፤ በተን ቢት የሚባለው ለዚህ ነው። ድንጋዩ የሚሰበረው በክብደት ሳይሆን በምት ነው። ስለዚህ ትንሽ ሪግም ባዛልት ላይ ይሠራል። ዞሮ ዞሮ ጎጃም ላይ ልዩነቱን የሚያመጣው ይህ ነው።

መምታቱ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ቻይናዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ከባድ ብረት በቀርከሃ ላይ አንጠልጥለው ከፍ ዝቅ እያደረጉ የጨው ውኃ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1835 በዚሁ ዘዴ ዚጎንግ በሚባል ከተማ 1,001 ሜትር አወረዱ። ሞተር ሳይኖራቸው! የድንጋይ ጠባይ ያው ነው፤ ደረቅና ጠንካራውን ከምትፍቁት ብትመቱት ይሻላል።

የፍጥነቱን ልዩነት በቀላል ሒሳብ እንየው። ባዛልት ላይ አንድ ሜትር ለመውረድ አንዱ ቢት ሁለት ሰዓት ፈጀ እንበል፣ ሌላው አሥር ደቂቃ። 60 ሜትር ባዛልት ካለ የመጀመሪያው 120 ሰዓት፣ ሁለተኛው 10 ሰዓት ነው። የናፍጣውን፣ የሠራተኛውን አበል፣ የኮምፕረሰሩን ኪራይ በዚህ አባዙት። ከዚያ በኋላ ቢቱ በሱቅ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ትንሽ ይሆናል።

ግን ሀመር ሲመረጥ ቢቱ ብቻ አይመረጥም፤ ኮምፕረሰሩም አብሮ ይመረጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አየሩ ሁለት ሥራ አለው። ፒስተኑን ይነዳል፣ ፍርፋሪውን ደግሞ ከታች ወደ ላይ ያወጣል። ፍርፋሪው እንዲወጣ በሮዱና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል አየሩ በሰከንድ 15 እስከ 25 ሜትር መሮጥ አለበት። 165 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ በ89 ሚሊ ሜትር ሮድ ስትቆፍሩ፣ በሰከንድ 20 ሜትር እንዲሮጥ ከፈለጋችሁ በደቂቃ 18 ሜትር ኩብ አየር ያስፈልጋል። ጉድጓዱን ወደ 254 ሚሊ ሜትር ብታሰፉትና ሮዱ 114 ቢሆን ወደ 48 ሜትር ኩብ ይሄዳል። በጣም ብዙ ነው። ስለዚህ ሰፊ ጉድጓድ በሀመር የሚቆፍር ሰው ፎም (አረፋ) ይጨምራል፤ ፎሙ ፍርፋሪውን ተሸክሞ ስለሚያወጣ አየሩ ቀስ ቢልም ይሠራል። ፎም አልያዝኩም የሚል ቆፋሪ ሰፊ ጉድጓድ ቃል ሲገባላችሁ ቆም ብላችሁ ጠይቁ።

ከፍታውም አለ። ይህን ከደጋው ሰው በቀር ማንም አያስታውሰውም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትርን ታልፋለች፣ እንጅባራም ከዚያ ትበልጣለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ኮምፕረሰሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያው ቢሆንም በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ያነሰ ነው፣ ሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ቆላ ላይ ልክ የነበረ ኮምፕረሰር ጮቄ ሥር ሲመጣ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ «በቃ» ከሚለው ቁጥር ላይ አልፋችሁ ተከራዩ።

ውኃውም ይገፋል። ከሀመሩ በላይ የቆመ 10 ሜትር ውኃ አንድ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ወደ ታች ይጫናል። 80 ሜትር ውኃ ካለ 8 ባር ነው። 10 ባር የሚሰጥ ኮምፕረሰር ያኔ የሚቀረው ሁለት ነው፤ ሀመሩ ዝም ይላል። ውኃ አግኝተን ቆምን የሚሉ ቆፋሪዎች አንዳንዴ እውነታቸው ይህ ነው፣ መቀጠል ስላልቻሉ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ካሰባችሁ 20 ባርና ከዚያ በላይ የሚሰጥ ይሁን።

የእንክብሉ ቅርጽም ይለያል። ክብ የሆነው ለጠንካራው ድንጋይ ነው፤ ቀስ ይላል፣ ግን አይሰበርም። እንደ ጥይት የሾለው መካከለኛ ድንጋይ ላይ ፈጣን ነው፣ ጠንካራ ባዛልት ላይ ግን ጫፉ ይሸረፋል። የቢቱ ፊት ጠፍጣፋ ሲሆን ለጠንካራ ድንጋይ፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለው ደግሞ ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ይረዳል። ምርጫ ካላችሁ ለጎጃም ደጋ ክብ እንክብል ያለው፣ ፊቱ ጠፍጣፋ ወይም ጎድጓዳ የሆነውን ውሰዱ።

አያያዙን በአጭሩ። በደቂቃ 20 እስከ 30 ዙር ይበቃዋል፤ ፈጥኖ ማዞር የዳር እንክብሎቹን መብላት ነው። የሀመር ዘይት እንዳይቋረጥ። ወደ ኋላ አታዙሩት፣ ይፈታና ከሥር ይቀራል። እንክብሉ ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የጠፍጣፋው ስፋት የእንክብሉን ሲሶ ሲያክል መልሶ መሞረድ አለበት። ይህን የማያደርጉ ብዙ ናቸው፤ ቢቱ እስኪሞት ይገፉታል፣ ከዚያ እንክብሎቹ ይሰነጠቃሉ። የተሰበረ እንክብል ላይ ደግሞ ብየዳ አታስነኩት። እንደ ድራግ ቢት አይደለም፤ ሙቀቱ የቀሩትን ያበላሻቸዋል።

ሀመር የማይሆንበትንም ልንገራችሁ። ጭቃ ውስጥ አይሆንም። ዋልካና ቀይ ሸክላ የአየር ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። የሚናድ ቀይ አሽ ውስጥም ብቻውን አይሆንም፤ ከላይ የሚወርደው ጠጠር ሀመሩን ይቀብረዋል፣ ሀመር መቅበር ደግሞ የአንድ ድርጅት የዓመት ትርፍ ያሳጣል። ስለዚህ ትክክለኛው አካሄድ ላዩን በድራግ ወይም በትራይኮን ወርዶ፣ እስከ ደህናው ድንጋይ ድረስ ኬሲንግ (ግድግዳውን የሚይዝ ቧንቧ) አውርዶ፣ ከዚያ ሀመር ማሰር ነው። ሁለት ቢት፣ አንድ ጉድጓድ።

አፈር ውስጥ ትልልቅ ድንጋይ ሲኖር

ጮቄ ሥር፣ ከተራራው እየተንከባለለ የመጣ ድንጋይ በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። ይህ ከሁሉም የከፋ መሬት ነው። ድራጉ ይሰበራል። ሀመሩ ድንጋዩን ይሰብረዋል፣ ግን ዙሪያው ጭቃ ስለሆነ ይናድበታል። ለዚህ የተሠራ ቢት አለ፤ ከመሃል ዞር ያለ ክንፍ ስላለው ሲዞር ከኬሲንጉ የሰፋ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ኬሲንጉም አብሮ እየወረደ ግድግዳውን ይይዛል። ሲጨርስ ክንፉን አጥፎ በኬሲንጉ ውስጥ ይወጣል። ኦዴክስ ይሉታል። ውድ ነው፣ የሚይዙትም ጥቂት ናቸው። ቦታችሁ እንደዚህ ከሆነ ግን ውል ከመፈረማችሁ በፊት አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሌላቸው ቦታውን ትንሽ ወደ ሜዳው ማዞር ሊያዋጣ ይችላል።

ፒዲሲና ኮር፦ ለሌላ ሥራ

ፒዲሲ የሚባለው ቢት ፊቱ ላይ ሰው ሠራሽ አልማዝ የተነጠፈባቸው ክብ ቁራጮች አሉት። ከ1970ዎቹ ወዲህ የመጣ ነው። እንደ ድራግ ይፍቃል፣ ግን ጥርሱ አልማዝ ስለሆነ ረጅም ይሄዳል፣ የሚነቀል ጎማም የለው። የኖራ ድንጋይ፣ የጭቃ ድንጋይ፣ ጂፕሰም ላይ ድንቅ ነው። ስለዚህ ደጀን በታች፣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ላይ ለሚቆፍር ሰው ትርጉም አለው። ደጋው ላይ ግን አልመክረውም። የተሰነጣጠቀ ባዛልት አልማዙን በምት ይሸርፈዋል፣ ሙቀትም አይወድም።

እዚያው በረሃው ውስጥ የአሸዋ ድንጋዩ ሌላ ጠባይ አለው። ከባዛልት ይለሰልሳል፣ ግን ይሞርዳል። የኳርትዝ አሸዋ ስለሆነ የቢቱን ዳር እንደ ሞረድ ይበላዋል። ባዛልት በጥንካሬው ያደክማል፣ የአሸዋ ድንጋይ በሸካራነቱ ያሳሳል። እዚያ በሀመር ስትወርዱ የቢቱን ስፋት በየቀኑ ለኩት።

ኮር ቢት ደግሞ ውኃ ለማውጣት አይደለም። ድንጋዩን በክብ ቆርጦ መሃሉን ሙሉ ያወጣዋል፣ መሬቱ ምን እንደሆነ ለማየት። ለድልድይ፣ ለግድብ፣ ለማዕድን ነው። ኤንኪው የሚባለው መጠን 47.6 ሚሊ ሜትር ናሙና ይሰጣል፣ ኤችኪው 63.5። ምርጫው መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፤ ለጠንካራ ድንጋይ አልማዙን የያዘው ብረት ለስላሳ መሆን አለበት፣ ለሚሞርድ ለስላሳ ድንጋይ ደግሞ ጠንካራ። ምክንያቱም ለስላሳው ብረት እየተበላ አዲስ አልማዝ ያወጣል። ጠንካራ ብረት ባዛልት ላይ ካሰራችሁ አልማዙ ይደነዝና የቢቱ ፊት እንደ መስታወት ልሙጥ ሆኖ መቁረጥ ያቆማል።

ድንጋይ ለማውጣት፣ ለኮብልስቶን ወይም ለፈንጂ የሚበሱ ሰዎች በእጅ በሚያዝ መምቻ በ32 እና በ42 ሚሊ ሜትር መካከል ባለ ትንሽ ቢት ይሠራሉ። ለነሱ ባለ እንክብሉ ትንሽ ቢት ከአሮጌው ባለ አንድ ስለት ይሻላል፤ ቶሎ ቶሎ መሳል ስለማይፈልግ።

ስትገዙና ስትዋዋሉ

ያገለገለ ቢት መግዛት ነውር የለውም። ግን ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። በተን ቢት ሲሠራ ዳሩ እየተበላ ይጠባል። በ165 ጀምሮ 160 የደረሰ ቢት ጉድጓዱንም 160 አድርጎ ነው የሚጨርሰው። ከዚያ አዲስ 165 ቢት ብታስገቡ የጠበበው ላይ ይሰነቀራል። ስለዚህ ቢቶቻችሁን በስፋታቸው ደርድሩ። ሰፊው ይጀምራል፣ ጠባቡ ይጨርሳል። ኬሲንጉ የሚገባው በመጨረሻው ስፋት ልክ መሆኑንም አስቡ፤ ከላይ ገብቶ መሃል ላይ የቆመ ኬሲንግ አንስቶ ማውጣት ቀላል አይደለም።

የቢቱ ጭራ (ሀመሩ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) እና የሀመሩ ዓይነትም መግጠም አለባቸው። ሁሉም 6 ኢንች ሀመር አንድ ዓይነት ጭራ አይቀበልም። ሻጩ «ይገጥማል» ቢልም ሀመሩን ወይም የድሮውን ቢት ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሞክሩት፤ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ተመልሳችሁ ፍኖተ ሰላም ላይ ከምታውቁት።

ውሉ ላይ ደግሞ ሦስት ነገር አስጽፉ። ላዩ በምን ቢት፣ ድንጋዩ በምን ቢት እንደሚቆፈር፤ የኮምፕረሰሩን ባርና በደቂቃ የሚሰጠውን አየር፤ የጉድጓዱን የመጨረሻ ስፋት ከሥር። ሥራው ሲጀመር ከኮሚቴው አንድ ሰው እዚያው ይዋል፣ በየሜትሩ የወጣውን ፍርፋሪ በላስቲክ ቋጥሮ ሜትሩን ይጻፍበት። ቢት የተቀየረበትንም ሜትር ይጻፍ። ያ ላስቲክ ለሚቀጥለው ጉድጓድ፣ ለጎረቤት ቀበሌም ጭምር፣ የትኛው ቢት ስንት ሜትር ላይ እንደሚያስፈልግ ይነግራል። የኛ ሰው እህል በጎተራ እንደሚያስቀምጥ ያንን ላስቲክ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።